ሁለት ጣት የቀረው እጀታ

ማሽኑን የሸጠልኝ ፎርት ዎርዝ ዳርቻ የሚኖር፣ እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። ተጋግዘን መኪናዬ ላይ ከጫንነው በኋላ የኋላውን በር ይዞ ቆመና፣ "ርካሽ ዕቃ ነው፤ ካላጸዳኸው ያሾፍብሃል" አለኝ። ቀጥሎ ጣቱን ቀሰረ። "ሥራ ላይ ሆነህ ሰው ከመጣ ይጠብቅ። ተነሥተህ ከሄድክ ደግሞ ስትመለስ ማሽኑ ላይ ያለውን ሁሉ አውጥተህ እንደ አዲስ ጀምር።" ቤት እንደገባሁ ይህን በትልልቅ ፊደል ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። "ሰው" የሚለው አጎቴንም እንደሚጨምር ግን ያኔ አላሰብኩም።

የማሽኑ ሥራ ተተኩሶ የወደቀ ቀለህን መልሶ ጥይት ማድረግ ነው። የሻይ ሲኒ ማስቀመጫ የምታክል ክብ ብረት አለችው፤ ሦስት ጉድጓድ አላት። እጀታው አንዴ እስከ ታች ተስቦ ሲመለስ፣ በመጀመሪያው ጉድጓድ ያለው ቀለህ ልኩን ይይዛል፣ ባሩዱን የምትለኩሰው የተቃጠለች ቆብም ከቂጡ ወጥታ በአዲስ ትተካለታለች፤ በሁለተኛው ያለው ባሩድ ይቀበላል፤ በሦስተኛው ያለው ላይ ደግሞ እኔ በጣቴ አፉ ላይ ያስቀመጥኩለት አረር ይጫናል። ከዚያ ክቧ ራሷ ትዞራለች። ያለቀው ጥይት በመንሸራተቻ ወርዶ ሳጥን ውስጥ ይወድቃል፣ የቀሩት አንድ አንድ ቦታ ወደ ፊት ይሄዳሉ። የርካሽነቱ ነገር እዚህ ላይ ነው፦ እጀታው መጨረሻው ላይ ሁለት ጣት ሲቀረው ከተመለሰ ባሩዱ አይወርድም፤ ክቧ ግን ምንም እንዳልጎደለ ትዞራለች። ውድ ማሽኖች ባዶ ቀለህ ሲያልፍ የሚጮህ ነገር አላቸው። የእኔ የለውም። ስለዚህ አረር ከማስቀመጤ በፊት ጎንበስ ብዬ፣ በመብራት፣ እያንዳንዱን ቀለህ ወደ ውስጥ አየዋለሁ።

ባሩድ የሌለው ጥይት ሲተኮስ ዝም ቢል ጥሩ ነበር። ዝም አይልም። ቆቧ ብቻዋን አረሩን ገፍታ አፈሙዙ መሐል ትቀረቅረዋለች። ተኳሹ ካላወቀና ቀጣዩን ከተኮሰ ሁለተኛው አረር በመጀመሪያው ላይ ይመጣበታል። ስለ ሥራው በገዛሁት መጽሐፍ ውስጥ ስለዚህ የተጻፈውን ገጽ ብዙ ጊዜ ስላነበብኩት ወረቀቱ እዚያ ላይ ለስልሷል።

ያስተማረኝ ሰው የለም። ሌዊስቪል ውስጥ ባለ ማከፋፈያ መጋዘን ሳጥን እጭናለሁ፤ እዚያ ሥራዬን ከሌላው ሰው ሥራ የሚለየው ነገር አልነበረም፤ የጫንኩትን ማንም ቢጭነው ያው ነው። ኢንተርኔት ላይ ስለ ማሽኔ የሚጽፉት "የፕላስቲክ መጫወቻ" ይሉታል። እኔ የፕላስቲክ መጫወቻውን ፈትቼ፣ ክቧን የምትይዘዋን ጠርዝ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ አንድ ስፕሪንግ ቀይሬ ሠራሁት። ሦስት ሳምንት ያለ ባሩድና ያለ ቆብ በባዶ ቀለህ ብቻ እጀታውን ስስብ ከረምኩ። እጄ የእጀታውን መጨረሻ እንዲያውቀው ነው። መጨረሻው ላይ ትንሽ ትከብዳለች፤ ያቺን ክብደት አልፈህ ነው ስበህ ጨረስክ የምትባለው።

ይህን ሁሉ ያየልኝ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ግሬፕቫይን ካሉት ሆቴሎች ወደ ኤርፖርቱ ሰው ያመላልሳል። አፉ አያርፍም፣ እኔ ዝም እላለሁ፣ በዚያ ተስማማን። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ወደ ተኩስ ሜዳ አብረን እንሄዳለን። የሠራሁትን ጥይት መጀመሪያ ያሳየሁት ቀን በሁለት ጣቱ ይዞ አሸተተው።

"ማለቴ፣ ይሄ ነገር ፊቴ ላይ አይፈነዳም?"

"አንድ በአንድ አይቼዋለሁ።"

"እናቴ እኮ ሌላ ወንድ ልጅ የላትም።"

"አንድ በአንድ አይቼዋለሁ አልኩህ።"

"ኦኬ።" ካዝናው ውስጥ ጨመረው። "ከሞትኩ የመኪናዬን ዕዳ አንተ ትከፍላለህ።"

ተኮሰ፣ ደገመ፣ ዞሮ ሣቀ። ከዚያ ወዲህ የፋብሪካ ጥይት መግዛት ተወ። አጠገባችን ለሚተኩሱት ሰዎች ሳይቀር፣ "ይሄ ሰውዬ አንድ በአንድ ነው የሚያየው፤ ሚስቱን እንደዚህ የሚያይ የለም" ይላቸዋል። ሚስት የለኝም። በዚህ አገር ስድስት ዓመት ስኖር እጁንና ፊቱን በእኔ ሥራ ላይ የጣለ ሰው ግን እሱ ብቻ ነበር። ሌላ ምንም ባጣ ያንን እንዳላጣ ነበር የምጠነቀቀው።

የምኖረው አጎቴ ቤት ነበር፣ ሌዊስቪል። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ያስመጡኝ፣ ያስቀመጡኝ፣ መንጃ ፈቃድ ያስወጡኝ እሳቸው ናቸው። ጋራዡ ውስጥ አንድ ጥግ ሰጥተውኝ ጠረጴዛዬን እዚያ ተከልኩ። መቀመጫዬ አንዲት ከፍ ያለች በርጩማ ናት፤ ዓይኔ ከሦስተኛው ጉድጓድ ትይዩ እንዲሆን እግሯን ቆርጬ ያስተካከልኳት።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ሰማንያ ሦስት ጥይት ደርሶልኝ ወደ ክቧ ቀለህ የሚያወርደውን ቱቦ እንደ አዲስ ሞላሁት። አዲስ ዙር እየጀመርኩ ስለነበር በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጉድጓድ ብቻ ቀለህ አለ፤ ሦስተኛው ባዶ ነው። ከቤት የሚያስገባው በር ተከፈተና አጎቴ "አሰላሙ አለይኩም" ብለው ገቡ። እሳቸው በሥራ ሰዓቴ ወደ ጋራዥ የሚመጡት ከስንት አንዴ ነው።

ተነሣሁ። በሁለት እጄ ጨበጥኳቸው። በጠዋት ተያይተን ብንውልም የእናቴን ደህንነት ጠየቁኝ፣ እኔም የጉልበታቸውን። ጋራዡ ውስጥ ያለችው መቀመጫ አንድ ስለሆነች፣ "ይቀመጡ" ብዬ በርጩማዋን ሰጠኋቸው። ሽማግሌ ቆሞ እኔ ልቀመጥ? እንደዚያ አልተሠራሁም። ለእሳቸው ሻይ፣ ለእኔ ወንበር ላመጣ ወደ ቤት ገባሁ። ባለቤታቸው ደግሞ ከላይኛው መደርደሪያ ድስት አውርድልኝ አሉኝ። አወረድኩ። ያኛውንም አሉ። ያኛውንም አወረድኩ።

ስመለስ አጎቴ በርጩማዬ ላይ ተደላድለው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፈገግ ብለው ይጠብቁኛል። ሦስተኛው ጉድጓድ ውስጥ ቀለህ ቆሟል። አፉ ላይ አረር ተቀምጧል።

"አገዝኩህ" አሉኝ። "አንዴ ሳብኳትና ያቺን አረር ጣል አደረግኩላት። ይሄ ነው እንዴ እንደዚያ የምትኮራበት?"

"እስከ ታች ነው የሳቡት?"

"እና እስከየት ልስበው፣ እስከ ደሴ?" ሣቁ። "በል አሁን አንተ ሳበው፣ የኔን ጥይት ልያት።"

አረሩን በሁለት ጣት አንሥቶ ወደ ውስጥ ማየት አንድ ትንፋሽ የሚወስድ ሥራ ነው። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ጽሑፍ ፊት ለፊቴ ነበር። እሳቸውም ፊት ለፊቴ ነበሩ። አሁን ጠይቄያቸው "እስከ ታች ነው" ያህል መልሰውልኛል፤ ከዚያ በኋላ ጎንበስ ብዬ ማየት በገዛ ቤታቸው፣ በሰጡኝ ጥግ፣ ውሸታም ማለት ሆነብኝ። እጀታውን ሳብኩት። ጥይቷ በመንሸራተቻው ወርዳ ሳጥኑ ውስጥ ጠብ አለች።

ቢያንስ ከላይ ነች፣ ሲሄዱ አወጣታለሁ ብዬ ነበር። አጎቴ አንሥተው አገላበጧት፣ "ማሻአላህ" አሉ፣ መልሰው ጣሏት። ከዚያ እጃቸውን ሳጥኑ ውስጥ ሰደው ገበያ ላይ እህል እንደሚያይ ሰው ሙሉውን አማሰሉት። "ስንት ይሆናል?" አሉ። ሰማንያ አራት አልኳቸው። አሁን ሰማንያ አራቱም አንድ ናቸው።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ አንድ በአንድ ሚዛን ላይ አስቀመጥኳቸው። እንደማይሠራ አውቅ ነበር። ከተኩስ ሜዳ የተለቀመ ቀለህ ከተለያየ ፋብሪካ ነው፤ ቀለህ ከቀለህ፣ አረር ከአረር ያለው ልዩነት ተደምሮ ከባሩዱ ክብደት ይበልጣል። ቀላሉም ከባዱም ባሩድ ሊኖረው ይችላል። ትክክለኛው ነገር ሰማንያ አራቱንም አረር ከቀለህ በምታላቅቀው መዶሻ ቀጥቅጦ መፍታት ነው። የዚያን ቀን አልፈታሁም፤ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፣ ሲቀጠቀጥም ቤት ድረስ ይሰማል፣ አጎቴም "ምን አጠፋሁ?" ብለው ይጠይቁኛል። ሳጥኑን ከቀለም ቆርቆሮ ኋላ አድርጌ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት።

ሌሎች ሳጥኖቼ ሁሉ ላይ የወረቀት ፕላስተር አለ፤ ቀኑ፣ ቁጥሩ፣ የአረሩ ዓይነት ይጻፍበታል። እዚያኛው ላይ "አይተኮስ" ብዬ ልጽፍ ማርከሩን ከፈትኩ። አጎቴ ማንበብ ይችላሉ። ማርከሩን ዘጋሁት።

ሐሙስ ዕለት እኔ መጋዘን ሳለሁ ጓደኛዬ የለቀመውን ባዶ ቀለህ ሊያደርስልኝ ቤት መጥቶ ነበር። አጎቴ እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኙም። ምን ሰጥተው እንደሸኙት ግን ያወቅኩት በኋላ ነው። ዓርብ ዕለት ጓደኛዬ ደውሎ ስለ ሌላ ስለ ሌላው ሲያወራኝ ስለ ሳጥኑ ሳያነሣ ዘጋ።

ቅዳሜ ካዝናዎቹን ቤቱ ሞልቶ ነው የመጣው። አጠገብ ለአጠገብ ቆምን። የእሱን አተኳኮስ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ሁለት ነው፣ በመሐል ትንፋሽ ይወስዳል። ሁለተኛው ካዝና ላይ ሲደርስ፣ ጆሮዬ ተሸፍኖም ቢሆን፣ ከድምፆቹ መሐል አንዱ እንደሌሎቹ እንዳልሆነ ሰማሁ። ጥፍ አለ፤ እርጥብ ፎጣ መሬት ሲወድቅ እንደሚለው።

"አቁም!" ብዬ ጮኽኩ።

ሁለት ሁለት ነው የሚተኩሰው። ጣቱ ቃታውን ስቦታል።

ሽጉጡ እጁ ውስጥ ዘለለና ደረቀ። አፈሙዙ መሐሉ ላይ፣ ቁርስ የዋጠ እባብ ይመስል፣ አብጧል። አውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ተሰንጥቆ ደም ወጣ፤ ሌላ የተጎዳው ነገር የለም፤ ግን ሄዶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰው የሜዳው ተቆጣጣሪ መጣ፣ ሽጉጡን አየ፣ "የማን ሥራ ነው ጥይቱ?" አለ። የእኔ ነው አልኩ። በምን ማሽን እንደምሠራ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሁሉም ነገር እንደተገለጠለት ሰው ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

ጓደኛዬ ጣቱን በናፕኪን ጠቅልሎ ያየኛል። ቀልድ የለም።

"ከየትኛው ሳጥን ነው?" አልኩት።

"አጎትህ ሐሙስ የሰጡኝ። ፕላስተር የሌለው።"

እንግዲህ ያን ጊዜ አወቅኩ። 

"ምን ሆኖ ነው?" አለኝ።

"አላውቅም።"

"አንድ በአንድ አይተኸዋል አይደል?"

"አላውቅም አልኩህ።"

ወደ ቤት ሲያደርሰኝ አጎቴ በር ላይ አገኙንና ሳይበላማ አይሄድም ብለው አስገቡት። ገበታ ቀርቦ ሦስታችን ተቀመጥን፤ የአጎቴ ባለቤት ወጥ ይጨምራሉ። ጓደኛዬ የሆነውን ረጋ ብሎ ነገራቸው፣ ሳጥኑ እሳቸው የሰጡት መሆኑን ሳይደብቅ። አጎቴ እጃቸው ለአንድ አፍታ ገበታው ላይ ቆመ። ከዚያ ጎረሱ።

"ነግሬው ነበር" አሉ። "ርካሽ ዕቃ ነው ብዬዋለሁ። አይሰማም። አልሐምዱሊላህ፣ እጅህ ተርፏል።"

ባለቤታቸው ጭልፋውን እንደያዙ ወደ እኔ ተመለከቱ። ድስቱን ሳወርድላቸው የእጀታው ድምፅ ከጋራዥ ተሰምቷቸው እንደነበር ዛሬም አምናለሁ። ወጥ ጨመሩልኝ።

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረ። "አንተስ? ምን ትላለህ?"

አጎቴን አየኋቸው። ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ሳህኑ ላይ ያለውን እንጀራ ያጣጥፋሉ። እኔም ሽማግሌ በገዛ ገበታቸው፣ በእንግዳ ፊት አላሳፍርም ብዬ፣ ያንንም እንደ ትልቅነት ቆጥሬ፣ "ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ። ጓደኛዬ ሌላ ነገር የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ከዚያ እጁን ታጠበና ሄደ።

ሲሄድ አጎቴ ተከትለውኝ ጋራዥ ገቡ። በዚያ ቀን በርጩማዋን አልሰጠኋቸውም፤ ግን እኔም አልተቀመጥኩባትም።

"እጀታውን እስከ ታች ስበውት ነበር?" አልኳቸው።

"መጨረሻው ላይ ከበደኝ" አሉ። "የሚሰበር መሰለኝና መለስኩት። ትንሽ ነው የቀረው፤ ሁለት ጣት።" በእጃቸው አሳዩኝ። "አንተ ባለሙያው ነህ። አንተ አታይም?" መልስ ሳይጠብቁ፣ "ለማንኛውም ይሄን ነገር ከዚህ አውጣልኝ። ቤት ውስጥ ሕፃናት ይመጣሉ" አሉ። እዚያ ቤት ሕፃን መጥቶ አያውቅም።

ጓደኛዬ የተረፉትን ጥይቶች ገበታ ላይ ከመቅረቡ በፊት በር ላይ ትቶልኝ ነበር። ስልሳ ሁለት ናቸው። አሁን ድምፁ ቤት ድረስ እንዲሰማ እያደረግኩ፣ ጋራዡን ከፍቼ፣ ሁሉንም ቀጠቀጥኳቸው። ሁሉም ባሩድ ነበራቸው፤ እያንዳንዱን ሚዛን ላይ አፈሰስኩት፣ ከልኩ የወጣ አንድም የለም። እጄ ያደረገው ሁሉ ትክክል ነበር። አረሮቹን በአንድ ማሰሮ፣ ቀለሆቹን በሌላ አድርጌ ለማን ላሳይ ብዬ ተቀመጥኩ።

በወሩ ክፍል ተከራይቼ ወጣሁ። ጓደኛዬ ስደውል ያነሣል፣ ሥራ ላይ ነኝ ይላል፣ ይዘጋል። አንድ ቀን ግሬፕቫይን፣ ተሳፋሪ የሚጠብቅበት ሆቴል ግቢ ድረስ ሄጄ መኪናው ውስጥ ገባሁና ሁሉንም ነገርኩት። የአጎቴን መምጣት፣ በርጩማዋን፣ ድስቱን፣ ሁለቱን ጣት፣ ስልሳ ሁለቱን። ስናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል ሲለኝ ይሰማኝ ነበር። በአጎቴ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር።

"አውቃለሁ" አለኝ።

"ምኑን?"

"ሳጥኑን ሲሰጡኝ፣ እኔም እጄ አለበት፣ አንዷን የሠራኋት እኔ ነኝ ብለውኛል። ሲኮሩ ነበር። ከሳጥኑ ላይ ፕላስተሩ ባይኖርም የአንተ ሳጥን ነው፣ አንተ ሳታይ አታስቀምጥም ብዬ ወሰድኩት።" መሪውን በተሰነጠቀው ጣቱ ነካ ነካ አደረገ። "ሜዳው ላይ ምን ሆኖ ነው አልኩህ፣ አላውቅም አልከኝ። ገበታ ላይ ደግሜ ጠየቅኩህ። እኔ ሽማግሌውን አልነበረም የምጠብቀው።"

"በእሳቸው ፊት እንዴት ብዬ..."

"ሶ፣ ታውቅ ነበር። ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ታውቅ ነበር። አንድ ቃል ሳጥኑ ላይ መጻፍ አቅቶህ።" ድምፁን ከፍ አላደረገም። "አላየሁትም ነበር ብትለኝ፣ ሰው ነው፣ አንዷ አመለጠችው እል ነበር፣ ወላሂ። ደግሜም እተኩስልህ ነበር። አንተ ግን አውቀህ ነው እኮ።"

ስልኩ ጮኸ፤ ተሳፋሪ ነው። "ውረድልኝ" አለኝ፣ በትሕትና፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው።

ወረድኩ። ሻንጣ የያዘ ሰውዬ እኔ በተነሣሁበት ወንበር ላይ ገባ።

ማሽኑ አሁን አልጋዬ አጠገብ ባለ ጠረጴዛ ላይ በብሎን ታስሯል። ጉድጓዶቹን ባዶ አድርጌ፣ ቀለህ ሳልጨምር፣ አልፎ አልፎ እጀታውን እስበዋለሁ። መጨረሻው ላይ ትከብዳለች፣ አልፋታለሁ፣ ክቧ ትዞራለች። ሳጥኖቼ ሁሉ ላይ ፕላስተር አለ። የሚወስዳቸው የለም።